ሄሮዶቱስና የዓባይ አፈር

ልጆች፣ ዓባይ ግንድ ይዞ እንደሚዞር ከቤተሰቦቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። ዓባይ ግን ከግንዱ ይልቅ የሚሸከመው አፈር ይበዛል! ይህንን ከ2,400 ዓመታት በፊት ስለጻፈ ሰው ዛሬ እንነግራችኋለን።

ስሙ ሄሮዶቱስ ነው፤ ግሪካዊ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ484 ዓመት ገደማ፣ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ቦድሩም በምትባለው ከተማ ተወለደ። መጠየቅ ይወድ ነበር። ብዙ አገር ዞሮ ያየውንና የሰማውን ስለጻፈ የታሪክ አባት ተባለ።

ግብፅ ሲደርስ ካህናቱ አገራቸው ድሮ ውሃ እንደነበረች ነገሩት። እሱ ግን ሰምቶ ብቻ አላለፈም፤ በዓይኑ ተመለከተ። ዙሪያው አሸዋና ድንጋይ ሆኖ ሳለ የወንዙ ዳር አፈር ጥቁር ነው። ከጠረፉ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ገመድ ወደ ባሕር ቢጣል ጭቃ ይዞ ይወጣል። ታዲያ ይህ አፈር ወንዙ ከኢትዮጵያ ያመጣው ነው ብሎ ጻፈ። ግሪኮች ያኔ ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር ሁሉ ነበር፤ የእኛን ተራሮችም አላያቸውም። ቢሆንም ልክ ነበር!

ሁሉንም ግን አላወቀም። ወንዙ በየዓመቱ ለምን እንደሚሞላ ሲያስረዳ ተሳስቷል። ዋናው ምክንያት የኢትዮጵያ የክረምት ዝናብ ነው። በኋላም ደቡብ ኢጣሊያ ውስጥ፣ ከትውልድ አገሩ ርቆ ኖረ፤ በ425 ዓመት ገደማ እንዳረፈ ይገመታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደጋው ኃይለኛ ዝናብ ሲዘንብ ጎርፉ ከቁልቁለቱ አፈር ጠርጎ ይወስዳል፤ ይህ የአፈር መሸርሸር ይባላል። ሜዳ ሲደርስ ውሃው ይዘገያል፤ ጉልበቱም ሲደክም ሸክሙን ያራግፋል። የተራገፈው አፈር ደለል ይባላል። ለግብፅ ገበሬ በረከት የነበረው አፈር እኮ ለጎጃምና ለወሎ ገበሬ ኪሳራ ነው! ዛሬ ደለሉ ግድቦች ውስጥ ይቀራል፤ ግድቡንም ቀስ በቀስ ይሞላዋል። ስለዚህ ገበሬዎቻችን እርከን ይሠራሉ፣ ዛፍም ይተክላሉ።

እኛም ከተማ ያው ነው። ሎስ አንጀለስ ያረፈችበት ሜዳ አብዛኛው ወንዞች ከተራራ ያመጡት ደለል ነው። በፌርፋክስ ጎዳና ስትሄዱ ይህንን አስቡ።

የቤት ሥራ፦ ትሪ ላይ አፈር ከምራችሁ ከላይ ቀስ እያላችሁ ውሃ አፍስሱበት። አፈሩ ከየት ተነሣ? የት ተቀመጠ? ከዚያ ጠጠር ደርድራችሁ እርከን ሥሩና እንደገና ሞክሩ። ያያችሁትን በአማርኛ ጽፋችሁ አምጡ።

ወላጆች፣ እርከን ወይም የደፈረሰ ወንዝ አይታችሁ ከሆነ እስቲ ለልጆቻችሁ አጫውቷቸው።