ነፍሰ ጡሯ ልዕልት

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ሐዋሳ አራስ ጥየቃ ሄጄ ነበር። ገንፎው ቀርቦ፣ ቅቤው መሀሉ ላይ ቀልጦ፣ ሴቶቹ ወሬ ይዘዋል። ጨዋታው ሐይቁ ዳር ወዳለው የጃንሆይ ቤተ መንግሥት ዞረና አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት የነገሥታት ቤት ሴቶች እንደኛ አይጨነቁም፣ ሐኪሙም አዋላጁም ደጃቸው ነው አሉ። ቤቱ ሁሉ ተስማማ። እኔ ልዕልት ፀሐይ ትዝ ብለውኝ ዝም አልኩ። አራስ ፊት የሚወራ ታሪክ አይደለም። እዚህ ግን ልናገረው።

ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ የተወለዱት በ1912 ዓ.ም. ነው። እናታቸው እቴጌ መነን ለንጉሡ ስድስት ልጆች ወልደዋል፤ ከዚያ በፊት ከነበራቸው ትዳርም ልጆች ነበሯቸው። ስለዚህ እቴጌይቱም ቢሆኑ እንደማንኛዋም የአገራችን ሴት ደጋግመው ከምጥ ጋር ተፋጠዋል። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ከወሊድ በኋላ ነው። ባላገሯ ወገቧ ሳይጠና ወደ ማጀቷና ወደ ማሳዋ ስትመለስ በቤተ መንግሥት ሞግዚት አለ፣ አሽከር አለ። ለሕግ ሰው ሌላም ልዩነት ይታየዋል። የቤተ መንግሥት ልደት የዙፋን ጉዳይ ነውና ቀኑ ይጻፋል። የተራው ሰው ልጅ ልደት በመላ አገሪቱ በወሳኝ ኩነት መመዝገብ የተጀመረው ግን በ2008 ዓ.ም. ነው።

ልዕልቷ በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አገሩን ሲወር ከወላጆቻቸው ጋር ተሰደዱ። ገና 16 ዓመታቸው ነበር። ቤተሰቡ በእንግሊዝ ባዝ ከተማ ሲቀመጥ እሳቸው ለንደን ገብተው ነርስነት ተማሩ። እስቲ አስቡት፤ በዘመኑ የንጉሥ ልጅ አልጋ ማንጠፍ፣ የታመመ ሕፃን ማጠብና ሌሊት ተረኛ መሆን እንዴት እንደሚታይ። በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሠልጥነው በ1939 እ.ኤ.አ. የሕፃናት ነርስ ሆነው ተመዘገቡ። ቀጥለው በጋይስ ሆስፒታል አጠቃላይ ነርስነት ሲማሩ አገር ነፃ ወጣ። በውጭ አገር በነርስነት ከሠለጠኑት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ሴቶች አንዷ ናቸው።

ተመልሰው ቤተ መንግሥት አልተቀመጡም፤ ደሴ ሆስፒታል ገብተው ሠሩ። በሚያዝያ 1934 ዓ.ም. ወጣቱን መኮንን ዐቢይ አበበን አገቡ። ባላቸው የወለጋ አስተዳዳሪ ሆነው ሲሾሙ አብረው ለቀምት ወረዱ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር እዚያው ለቀምት አረፉ። ዕድሜያቸው 22 ነበር። ከሠርጉ አራት ወር አልሞላም።

ነገሩ ሁሌም ያስገርመኛል። ሟቿ ራሳቸው ነርስ ናቸው፤ ስለ ሕመም ከማንም የተሻለ ያውቃሉ። አባታቸው ንጉሠ ነገሥት፣ ባላቸው የአገሩ ገዢ ናቸው። መኪናም፣ ገንዘብም፣ ትእዛዝም በእጃቸው ነው። የክረምቱ ወር ግን ነሐሴ ነው፤ ከለቀምት አዲስ አበባ ደግሞ ከ300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ዛሬ የእናቶች ጤና ባለሙያዎች ስለ ሦስት መዘግየቶች ያስተምራሉ፤ ለመሄድ በመወሰን፣ በመንገድ፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምና በማግኘት። ማዕረግ የመጀመሪያውን ያሳጥር ይሆናል፤ መንገዱን ግን አያሳጥርም። ቅርበትም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። በ1817 እ.ኤ.አ. የእንግሊዟ ልዕልት ሻርሎት የአገሩ ምርጥ ሐኪሞች ከበዋት ሳለ የሞተ ልጅ ወልዳ በ21 ዓመቷ ሞታለች። የተረኛው ሐኪም ከወራት በኋላ ራሱን ገደለ።

የልዕልት ፀሐይ አስከሬን አዲስ አበባ በዓታ ለማርያም አረፈ። ሲልቪያ ፓንክረስት በእንግሊዝ ገንዘብ አሰባስበው በስማቸው ሆስፒታል እንዲሠራ ደከሙ፤ በ1951 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ከአብዮቱ በኋላ ስሙ ተለውጦ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ። ዛሬ የአዲስ አበባ ታክሲ ረዳት ጦር ኃይሎች እያለ ሲጣራ በእርግዝና የሞተች የ22 ዓመት ነርስ መታሰቢያ ሰፈር እየጠራ እንደሆነ የሚያውቅ ስንቱ ይሆን? ባላቸው ሌተና ጄኔራል ዐቢይም በኅዳር 1967 ዓ.ም. ደርግ ካለ ፍርድ ከረሸናቸው ባለሥልጣናት አንዱ ሆኑ።

እሳቸው ሲሞቱ የእኛዋ ሐዋሳ ገና ከተማ ሆና አልተቆረቆረችም። ዛሬ ሪፈራል ሆስፒታል አላት፤ ከሲዳማ ገጠር በአምቡላንስ የሚመጡ ወላዶች ይደርሱበታል። በአገር ደረጃ በ1992 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 ሕያው ልደት 871 እናቶች እንደሚሞቱ ሲገምት፣ የ2008ቱ 412 አለ። ትልቅ ለውጥ ነው፤ 412 ግን ያው 412 እናት ነው።

ሕጉም ተሻሽሏል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ ለአባትም 3 ቀን። የቤት ሠራተኞች ግን ከአዋጁ ውጭ ናቸው። ጉዳያቸውን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስናል ተብሎ ተንጠልጥሏል።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የዚያን ቀን ገንፎውን አገንፍታ ያቀረበችልን የቤቱ ሠራተኛ ራሷ እርጉዝ ናት። ስወጣ በር ላይ መቼ እንደምትወልድ ጠየቅኋት፤ ከሁለት ወር በኋላ ነው አለችኝ። የት እንደምትታረስ ስጠይቃት ግን አንገቷን ደፍታ ሳህኖቹን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።