ጆን ሀንተር፦ የሚጮኸው ልብና ዝም የሚለው ልብ



ለዘንድሮው የዓመት መጽሔታችን የመረጥነው ሰው፣ ለንደን ከተማ ውስጥ ከሞተ ከሁለት መቶ ሠላሳ ዓመት በላይ የሆነው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጆን ሀንተር ነው። ከአገራችን ሰው ለምን አልተመረጠም የሚል ቢኖር አንፈርድበትም። ምክንያታችን ግን ቅርብ ነው። ትምህርት ቤታችን ያለበት ፓርክላንድስ ሐኪም ቤት የቸገረው ሰፈር አይደለም፤ አጋ ካንም ኤም ፒ ሻህም እዚሁ ናቸው። እንዲህም ሆኖ በማኅበረሰባችን ውስጥ ስኳርና ደም ግፊት ያለበት ሰው ምንም አላመመኝም ብሎ የሐኪም ቀጠሮውን ሲያሳልፍ፣ ደረቱን ሲጨንቀው ደግሞ ጨጓራዬ ነው ብሎ ተልባ ጠጥቶ ሲተኛ እናያለን። የሀንተር ሕይወት ሁለቱንም ይነካል።

ሀንተር በ1728 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በስኮትላንድ፣ ከግላስጎው ብዙም በማይርቅ የገጠር ቤት ተወለደ። ለወላጆቹ አሥረኛና የመጨረሻ ልጅ ነበር። የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ጎንደር ድረስ የመጣው ጄምስ ብሩስም የዚያው አገርና የዚያው ዘመን ሰው ነው። ሀንተር በልጅነቱ ከመጽሐፍ ጋር አልተዋደደም። ጉንዳንና ንብ ሲከተል፣ የዛፍ ቅጠል ለምን መልኩን ይለውጣል እያለ ሰው ሲያደክም ይውል ነበር። ተማሪዎቻችን ይህን ለቤት ሥራ ማምለጫ እንዳታደርጉት እንለምናለን፤ ልጁ መጽሐፍ ይሽሽ እንጂ ሥራ አልሸሸም።

በሃያ ዓመቱ፣ በ1748፣ ለንደን ወደሚገኘው ታላቅ ወንድሙ ወደ ዊልያም ሄደ። ዊልያም የሰው አካል አሠራር የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነበረው። ጆን እዚያ አስከሬን እየከፈተ፣ እያጠናና እያስተማረ ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ። ቀጥሎ የጦር ሠራዊት ሐኪም ሆነ፤ በ1768 ደግሞ በለንደኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ተባለ። ቤቱ የእንስሳትና የአጽም መጋዘን ነበር። ሲሞት የሰበሰባቸው ናሙናዎች ወደ 14 ሺህ ይጠጉ ነበር። ሁሉም በንጹሕ መንገድ የተገኘ አይደለም። ቻርልስ በርን የተባለው የአየርላንድ ረጅም ሰው አስከሬኑ ከሐኪሞች እጅ እንዲርቅ ሲለምን ኖሮ ሳለ፣ ሀንተር ገንዘብ ከፍሎ አስወስዶታል። ይህን ሸፍነን ብናልፍ ለልጆቻችን እውነቱን አልነገርናቸውም ማለት ነው።

ስለ ደም ዝውውር ከሠራው ሁሉ እኛን የሚማርከን የአጋዘኑ ታሪክ ነው። በ1785 በሪችመንድ መናፈሻ አንድ ወንድ አጋዘን አስይዞ፣ ወደ አንድ በኩል ቀንዱ ደም የሚወስደውን የአንገት ደም ቅዳ ቧንቧ አሠረበት ይባላል። በማደግ ላይ ያለ የአጋዘን ቀንድ ሲነኩት ይሞቃል፤ ያ ቀንድ ግን ቀዘቀዘ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ተመልሶ ሲነካው ሞቆ አገኘው። ማሠሪያው አልተፈታም። ከማሠሪያው በላይና በታች ያሉ ትናንሽ ቧንቧዎች ሰፍተው ደሙን ዞረው አድርሰውታል፤ የሊሙሩ መንገድ ሲጨናነቅ ሾፌሮች በፓርክላንድስ የውስጥ መንገዶች እንደሚያቋርጡ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ላይ፣ ከጉልበቱ ጀርባ ያለው ደም ቅዳ ያበጠበትን አንድ የጋሪ ነጂ በዚህ ዕውቀት አከመው። በዘመኑ እንዲህ ያለ እግር ብዙ ጊዜ ይቆረጥ ነበር። ሀንተር ግን ቧንቧውን ከፍ ብሎ ከጭኑ ላይ አሠረ፤ ሰውየውም ከስድስት ሳምንት ያህል በኋላ በእግሩ ሄደ።

ልብም ጡንቻ ነውና የራሱን ደም ይፈልጋል። ደሙን የሚያገኘው ኮሮናሪ በሚባሉ ደም ቅዳዎች ነው። እነዚህ ሲጠቡ ሰው ተቀምጦ ሳለ የሚበቃው ደም ደረጃ ሲወጣ፣ ሲናደድ ወይም ሲደነግጥ አይበቃውም። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ደረቱን ጭብጥ ያደርገዋል፤ ወደ ግራ ክንዱ፣ ወደ መንጋጋው ወይም ወደ ሆዱ የሚሄድበትም አለ። ዊልያም ሄበርደን የሚባል የለንደን ሐኪም ይህን ሕመም በ1768 ለባልደረቦቹ በዝርዝር ገልጾ፣ የደረት መታነቅ የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ስም አወጣለት። ምክንያቱን ግን እሱም አላወቀም። በ1772 አንድ ስሙን ያልገለጸ ሰው ይኸው ሕመም እንዳለበት ለሄበርደን ጽፎ፣ በድንገት ከሞተ አካሉ እንዲመረመር ፈቀደ። ብዙም ሳይቆይ ሞተ። አስከሬኑን የከፈተው ሀንተር ነበር፤ አጠገቡም ተማሪው ኤድዋርድ ጄነር ቆሟል። በኋላ የፈንጣጣን ክትባት ለዓለም የሰጠው ጄነር ማለት ነው። ምንም አላገኙም፤ የልብን የራሱን ቧንቧዎች ከፍቶ ማየት በዚያ ቀን አልታሰበም።

በዓመቱ፣ በ1773፣ ሕመሙ ሀንተርን ራሱን ያዘው። አንድ ጠዋት ከሆዱ በላይ፣ ጨጓራ አካባቢ፣ ብርቱ ሕመም ተሰማው። መጀመሪያ የጠረጠረው ሪህ ነው። ቆመ፣ ተቀመጠ፣ ተኛ፤ አልለቀቀውም። መስተዋት ሲያይ ፊቱ የሬሳ መሰለው። የእጁን የደም ትርታ ቢፈልግ አጣው፤ ትንፋሹንም ሆን ብሎ ይስበው ነበር። ለሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ቆየበት። ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመት ሕመሙ እየሄደ እየመጣ አብሮት ኖረ። ዳገት ያስነሳበታል፤ ከዳገት ይልቅ ግን ጭንቀትና ንዴት። የንብ መንጋ ወጥቶ ቀፎ ይገባል አይገባም እያለ በመጨነቁ ብቻ የተነሳበት ቀን አለ። ሀንተር ቁጡ ሰው ነበርና፣ ሕይወቱ እሱን ሊያናድድ በሚፈልግ ሰው ሁሉ እጅ እንዳለች ለወዳጆቹ ይነግራቸው ነበር።

ጄነር በ1777 ባዝ በምትባለው የፍል ውኃ ከተማ መምህሩን አይቶ ሕመሙን ለየው። ከዚያ በፊት በዚሁ ሕመም የሞተ ሰው ልብ ሲቆርጥ ቢላዋው ጠጠር የመሰለ ነገር መትቶበት፣ የኮርኒስ ልስን የወደቀ መስሎት ቀና ብሎ ጣሪያውን አይቷል። የወደቀ ነገር አልነበረም። ልብን የሚመግበው ቧንቧ አጥንት መስሎ ደርቆ ነበር። ጄነር የሕመሙን ምንጭ ያገኘ መሰለው። ግን ቢያሳትመው መምህሩ ያነብበዋል፤ መድኃኒት የሌለው ነገር በደረቱ ውስጥ እንዳለም ያውቃል። ስለዚህ ዝም አለ። በሐሳቡ የተስማማው ወዳጁ ሐኪሙ ካሌብ ፓሪም አብሮት ዝም አለ። እኛ መምህራን ነንና አንድ ተማሪ ለመምህሩ እንዲህ ሲሳሳ ስናነብ ልባችን ይነካል። ሆኖም ዛሬ ላይ ሆነን ስናስበው፣ ሌሎች ሐኪሞች ያን ሁሉ ዓመት ሳያውቁት የቆዩት ነገር እንደነበረም እናያለን።

ሀንተር ቢያንስ ልቡ ይጮኽለት ነበር። የማይጮኽ ልብ እንዳለ በሚገባ የታወቀው የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግብ መሣሪያ ከተሠራ በኋላ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው። አሜሪካዊው ኖርማን ሆልተር ሰው ይዞት የሚዞረውን መመዝገቢያ ሲፈለስፍ፣ ሐኪሞች ሰዎችን ሥራቸው ላይ ሳሉ ልባቸውን መከታተል ቻሉ። ያዩት አስገራሚ ነበር። የደረት ሕመም እንዳለባቸው በሚታወቁት ሰዎች ላይ እንኳ፣ ልብ ደም ካነሰበት ጊዜ አብዛኛው ያለ ምንም ሕመም ያልፋል። በ1948 በአሜሪካዋ ፍራሚንግሃም ከተማ የተጀመረው የብዙ ዓመት ጥናት ደግሞ፣ ከአራት የልብ ጥቃቶች አንዱ ያህል የታወቀው በመደበኛ የልብ ምርመራ ብቻ መሆኑን አሳይቷል፤ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ ባለቤቶቹ ምንም ሳይሰማቸው ያለፉ ናቸው።

ለምን ዝም ይላል? አንዳንዴ የደሙ ማነስ አጭርና ቀላል ስለሆነ ነው። ሰው ሕመም የሚሰማበት ልክም ይለያያል። በስኳር ሕመምተኛ ላይ ግን ሌላ ነገር ይጨመራል፤ ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ነርቮችን ይጎዳል። እግር ላይ እሾህ ወግቶት የማይሰማው የስኳር ሕመምተኛ እንዳለ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። የልብ ነርቭም እንደዚያው መልእክት ማድረስ ሊያቆም ይችላል። እንዲህ ባለ ሰው ላይ የሚታየው ከወትሮው የተለየ ድካም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ላብ ወይም ማቅለሽለሽ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በሴቶች ላይም ከደረት ሕመም ጋር ወይም ያለ እሱ እነዚህ ምልክቶች ይዘወተራሉ። ምንም የማይታይበትም አለ። ሕመም አለመኖሩ ጉዳቱን አያቀልለውም፤ ጡንቻው ያው ደም እያጣ ነው።

ጥቅምት 16 ቀን 1793 ሀንተር በቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል የቦርድ ስብሰባ ላይ ተገኘ። ከስኮትላንድ የመጡ ሁለት ወጣቶች በሆስፒታሉ ተማሪነት እንዲቀበሏቸው ሊከራከርላቸው ነበር። ከባልደረቦቹ ጋር ከቆየ ቅራኔ ነበረው። በንግግሩ መካከል አንዱ ተቃወመው። ሀንተር ንዴቱን ለመዋጥ ዝም ብሎ ወደሚቀጥለው ክፍል ወጣ፤ እዚያም አንድ ጊዜ አቃስቶ ወደቀ። 65 ዓመቱ ነበር። አስከሬኑ በ1859 ወደ ዌስትሚንስተር ተዛውሮ እዚያ አርፏል።

አካሉን የመረመረው የሚስቱ ወንድም ሐኪሙ ኤቨራርድ ሆም ነበር። ልብን የሚመግቡት ቧንቧዎች አጥንት ሆነው አገኛቸው፤ ወዲያውም ለጄነር ጻፈለት። ፓሪ የሁለቱን ሐሳብ በመጽሐፍ ያሳተመው ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1799 ነው።