ጆን ኮልትሬን፦ አንዱን ዜማ ሁለቴ ያልተጫወተው ሳክስፎኒስት

በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 21 ቀን 1960 ምሽት የፓሪሱ ኦሊምፒያ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ታዳሚው የመጣው የትራምፔት ተጫዋቹን የማይልስ ዴቪስን ዝና ሰምቶ ነው። ማይልስ እንደ ልማዱ ጥቂት ኖታዎችን መርጦ፣ በመካከላቸው ዝምታን እያሳለፈ ተጫወተና ወደ ጎን ፈቀቅ አለ። ተራው የደረሰው የ33 ዓመቱ ሳክስፎን ተጫዋች ጆን ኮልትሬን ግን ለዝምታ ቦታ አልተወም። አንዱን ሐረግ ይጀምራል፤ ይገለብጠዋል፤ ከሥር ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ሥር ይመላለስበታል፤ ያልረካ ይመስል ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣበታል። አንዳንዴም ሳክስፎኑ እንደሚሰነጠቅ ዕቃ ይጮኻል። ከአዳራሹ ፉጨት ተነሣ። ከፊሉ ሰው ሲያጨበጭብ ከፊሉ ያፏጫል፤ በፈረንሳይ አዳራሽ ደግሞ ፉጨት ሙገሳ አይደለም።

የዚያ ምሽት ጨዋታ በቴፕ የተቀረጸ በመሆኑ ዛሬም ሊደመጥ ይችላል። ፉጨቱ በግልጽ ይሰማል። ከዚያም በላይ በግልጽ የሚሰማው ሰውየው አለማቆሙ ነው።

ኮልትሬን በዚያ መድረክ ላይ የተጫወተው በወረቀት የተጻፈ አልነበረም። የጃዝ ተጫዋቾች መድረክ ሲወጡ የሚስማሙት በጥቂት ነገር ነው፦ በመግቢያው ዜማ፣ ከዜማው ሥር በሚቀያየሩት ኮርዶች ቅደም ተከተልና በምቱ ፍጥነት። መግቢያው ዜማ ከተሰማ በኋላ ባለ ተራው ያንኑ የኮርድ ዑደት እየደጋገመ በላዩ አዲስ ዜማ ይፈጥራል። ዑደቱ አይለወጥም፤ ዜማው ግን ትናንት ማታ የነበረው አይደለም፣ ነገም አይመለስም። ለእኛ አድማጮች ነገሩ ጨርሶ ባዕድ አይደለም። አዝማሪ ከታዳሚ አንድ ቃል ተቀብሎ፣ የማሲንቆው ምት ሳይዛነፍ ቤት መምታቱ ከዚሁ ዘር ነው። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ወደ ሳክስፎን ሲያሻግር ያደረገውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ በጃዝ ባንድ ውስጥ ከበሮ መቺውም፣ ቤዝ ተጫዋቹም፣ ፒያኒስቱም በዚያችው ቅጽበት እየፈጠሩ መሆናቸው ነው። ሁሉም እየተናገረ ሁሉም ያዳምጣል።

ኮልትሬን የተወለደው ሴፕቴምበር 23 ቀን 1926 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ ሃምሌት በምትባል የባቡር መናኸሪያ ከተማ ነው። ያደገው ግን ሃይ ፖይንት በተባለች ከተማ፣ ጥቁሮችን ከነጮች የሚለይ ሕግ በሰፈነበት በዚያው ደቡብ ነበር። የእናቱ አባት የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። አባቱ ልብስ ሰፊ ሆኖ ለራሱ ደስታ ቫዮሊን ይጫወት ነበር። ልጁ 12 ዓመት በሞላው ሰሞን ቤቱ ላይ ሞት ተደጋገመበት፤ በጥቂት ወራት ውስጥ አክስቱን፣ አያቱንና አባቱን አጣ። መሣሪያ አንሥቶ ሙዚቃ መማር የጀመረውም ከዚያ ወዲህ ነው።

ትምህርቱን ጨርሶ በ1943 ወደ ፊላደልፊያ ሄደ፤ እናቱም ሳክስፎን ገዙለት። ጁን 5 ቀን 1945 በዚያችው ከተማ ቻርሊ ፓርከር ሲጫወት ሰማ። ፓርከር በዚያ ዘመን ጃዝን በፍጥነቱና በረቀቀ አሳቡ እንደ አዲስ እየሠራው የነበረ ሰው ነው፤ ያ ምሽት ለወጣቱ ኮልትሬን መንገዱን ወሰነለት። ከዚያ በኋላ በባሕር ኃይል ውስጥ በሃዋይ አንድ ዓመት አገልግሎ ሲመለስ፣ የነበረው አንድ ሥራ ልምምድ ብቻ ይመስል ነበር።

ስለ ልምምዱ የሚነገረው ብዙ ነው። ጎረቤት እንዳይረበሽ ሌሊት ሳይነፋ በጣቶቹ ብቻ ይለማመድ ነበር። ሳክስፎኑን እንደታቀፈ እንቅልፍ የወሰደው ጊዜም ብዙ ነው። ለፒያኖና ለበገና የተጻፉ የመለማመጃ መጻሕፍትን እየገዛ በሳክስፎን ይሞክራቸው ነበር። የሙዚቃ ሊቁ ኒኮላስ ስሎኒምስኪ ያሰባሰበው፣ እጅግ ብዙ ስኬሎች የተደረደሩበት ወፍራም መጽሐፍም ከእጁ አይለይም ነበር። መድረክ ላይ በቅጽበት የሚወለድ የሚመስለው ነገር ከጀርባው ይህን ያህል ዓመት አለው። ያለ ዝግጅት መፍጠር ማለት ያለ ዕውቀት መፍጠር የሚመስላቸው ሰዎች፣ ባለቅኔው በማኅሌት መካከል ከመቆሙ በፊት በጉባኤ ቤት ያሳለፈውን ዘመን የዘነጉ ናቸው።

በዚሁ ዘመን ግን ሌላ ነገርም ያዘው፤ ሄሮይን። ብዙ የትውልዱ ሙዚቀኞች በወደቁበት ወጥመድ ወደቀ። በ1955 ማይልስ ዴቪስ ወደ አዲሱ ባንዱ ሲያስገባው ዕድሉ የተከፈተ መሰለ። ሆኖም በመድረክ ላይ የሚያንቀላፋ፣ በተጎሳቆለ ልብስ የሚመጣ ሰው ሆነና በ1957 ማይልስ አሰናበተው። ኮልትሬን ወደ ፊላደልፊያ፣ ወደ እናቱ ቤት ተመለሰ። ክፍሉን ዘግቶ ሄሮይኑንም መጠጡንም በአንድ ጊዜ ተወ። ከዓመታት በኋላ በጻፈው ጽሑፍ በዚያ ዓመት በእግዚአብሔር ቸርነት ወደ ተሻለ ሕይወት የሚያደርስ መንፈሳዊ መነቃቃት እንዳገኘ መስክሯል። ከዚያ በኋላ የቀሩት አሥር ዓመታት ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ ኮልትሬን ስንል የምናስበው ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል የተሠራው በእነዚያ አሥር ዓመታት ነው።

በዚያው በጋ ኒው ዮርክ ውስጥ ፋይቭ ስፖት በተባለች ትንሽ መጠጥ ቤት ከፒያኒስቱ ቴሎኒየስ መንክ ጋር መጫወት ጀመረ። መንክ እንግዳ አስተማሪ ነበር። በዜማው መካከል ከፒያኖው ይነሣና በመድረኩ ላይ እየዞረ ይደንሳል። ኮልትሬን ከቤዝና ከከበሮ ጋር ብቻውን ይቀራል፤ የትኛው ኮርድ ላይ እንዳለ የሚነግረው ፒያኖ የለም። ሊጠፋም ይችላል፣ ሊበርም ይችላል። መብረርን ተማረ። ሁለቱ በኖቬምበር 29 ቀን 1957 በካርኔጊ አዳራሽ ያቀረቡትን ዝግጅት የአሜሪካ ድምፅ ራዲዮ ቀርጾት ነበር። ቴፑ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ተረስቶ ኖረና በ2005 ተገኘ። ወጣቱ ከአስተማሪው ጋር ምን ያህል እንደተግባባ ለመስማት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ወደ ማይልስ ባንድ ሲመለስ ሌላ ሰው ነበር። ኖታዎቹን እጅግ አፍጥኖ ከማከታተሉ የተነሣ አንድ ሃያሲ አጨዋወቱን እንደ ተዘረጋ የድምፅ አንሶላ ገልጾታል። ሲጀምር ማቆም አይችልም ነበር፤ ስለዚህ ችግሩ ማይልስን ቢያማክረው፣ ማይልስ ሳክስፎኑን ከአፉ እንዲያወጣው መከረው ይባላል።

በሜይ 1959 የቀረጸው «ጃያንት ስቴፕስ» የችሎታው ልክ የታየበት ነው። የዜማው ዑደት 26 ኮርዶች አሉት፤ ሁሉም በ13 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ያልፋሉ። በሰከንድ ሁለት ኮርድ ማለት ነው፤ ኮርዶቹም ከተለመደው መንገድ የወጡ፣ ከአንዱ ቤት ወደ ሩቁ ቤት የሚዘሉ ናቸው። ኮልትሬን ዜማውን ለረጅም ጊዜ ሲለማመደው ቆይቷል። ድንቅ ፒያኒስት የነበረው ቶሚ ፍላናገን ግን ያን ያህል ጊዜ አላገኘም። በቀረጻው ላይ የፍላናገን ተራ ሲደርስ ሐረጎቹ ሲቆራረጡ፣ በመጨረሻም ዜማውን ትቶ ኮርዶቹን ብቻ ሲነካ ይሰማል። ጃዝን ለመውደድ የሚፈልግ ሰው ይህን ቀረጻ አንዴ ለኮልትሬን፣ አንዴ ለፍላናገን ብሎ ቢያደምጠው መልካም ነው፤ የነገሩ አደጋ በአንድ ዜማ ውስጥ ሁለት መልክ አለው። ፍላናገን በ1982 ኮልትሬንን ለማስታወስ ተመልሶ ዜማውን ቀረጸው፤ በዚያን ጊዜ አላስቸገረውም።

ኮልትሬን ግን እዚያ የኮርድ ጫካ ውስጥ አልቆየም። በ1960 የራሱን ባንድ አቋቁሞ፣ ከአንድ ታዋቂ የመድረክ ትርዒት የተወሰደውን «ማይ ፌቨሪት ቲንግስ» የተሰኘ የዋልስ ዜማ በሶፕራኖ ሳክስፎን ቀረጸ። በዚህ ሥራ ኮርዶቹ እምብዛም አይቀያየሩም፤ ባንዱ በአንድ ቦታ ላይ እየዞረ ሲቆይ ሳክስፎኑ ከላዩ እንደ ልቡ ይጓዛል። በትዝታ ወይም በባቲ ቅኝት ላይ ረጅም ጉዞ ማድረግን የለመደ ጆሮ በዚህ ዜማ ቶሎ ቤተኛ ይሆናል። ሥራው በራዲዮ ተወደደና ኮልትሬንን ከጃዝ አፍቃሪዎች ክበብ ውጭ አሳወቀው። ፒያኒስቱ መኮይ ታይነርና ከበሮ መቺው ኤልቪን ጆንስ ከጎኑ ነበሩ፤ በኋላም ቤዝ ተጫዋቹ ጂሚ ጋሪሰን ተጨመረ። ኤልቪን ጆንስን ሳያዳምጡ ኮልትሬንን ማዳመጥ ግማሹን ንግግር መስማት ነው። ሳክስፎኑ አንድ ሐረግ ሲወረውር ከበሮው ይመልሳል፣ ይሟገታል፣ ይገፋል።

በኖቬምበር 1961 በኒው ዮርኩ ቪሌጅ ቫንጋርድ ክለብ በተከታታይ ምሽቶች ሲጫወቱ፣ ቀራጩ ሩዲ ቫን ጌልደር መድረኩ ላይ ከወዲያ ወዲህ የሚወዛወዘውን ኮልትሬን በማይክሮፎን ማሳደድ ነበረበት። ከዚያ ምሽት የተገኘው «ቼዚን ዘ ትሬን» ስሙን ያገኘው ከዚሁ ማሳደድ ነው። የተጻፈ መግቢያ ዜማ የለውም። ፒያኖው ዝም ይላል። 16 ደቂቃ ያህል ሳክስፎን፣ ቤዝና ከበሮ ብቻ በአንድ ተራ የብሉዝ ዑደት ላይ ይታገላሉ። ለዚህ ጸሐፊ ጆሮ ይህ ቀረጻ ከኮልትሬን ሥራዎች ሁሉ የሚበልጠው ነው፤ ማንም ሰው በመጀመሪያው ጊዜ ይወደዋል ለማለት ግን አያስደፍርም። በዚያው ወር አንድ የዳውንቢት መጽሔት ሃያሲ የኮልትሬንን አዲስ አጨዋወት የጃዝ ተፃራሪ ብሎ አወገዘው። ኮልትሬን በቁጣ አልመለሰም። በቀጣዩ ዓመት በዚያው መጽሔት ላይ፣ ሊያደርግ የሚፈልገውን በትሕትና አስረዳ።

በሴፕቴምበር 1962 ከአንጋፋው ዱክ ኤሊንግተን ጋር አንድ ቀን ተቀረጸ። ኮልትሬን አንዱን ዜማ ደግሞ ደጋግሞ መቅረጽ ይወድ ነበር። አዘጋጁ ቦብ ቲል እንዳስታወሰው፣ የመጀመሪያው ሙከራ ሲያበቃ ኤሊንግተን ይበቃል አለ፤ ቢደግሙት ኮልትሬን ራሱን መኮረጅ ብቻ እንደሚሆንበት አስረዳ። ስለዚህ ጥበብ ከተነገረው ሁሉ ይህ ይበልጥ ያስኬዳል። ኤሊንግተን ከ11 ዓመት በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ በንጉሠ ነገሥቱ እጅ መሸለሙን ብዙ አንባቢ ያስታውሳል።

ዲሴምበር 9 ቀን 1964 የተቀረጸው «ኤ ላቭ ሱፕሪም» የኮልትሬን ምስጋና ነው፤ የ1957ቱን ስእለት የከፈለበት ልንለው እንችላለን። የመጀመሪያው ክፍል በአራት ኖታ ሐረግ ላይ የቆመ ነው። ኮልትሬን ያቺን ሐረግ እያነሣ በ12ቱም ቁልፎች ያዞራታል፤ አንድን ቃል በሁሉም ማዕዘን እንደሚደግም ጸሎተኛ። በመጨረሻው ክፍል ደግሞ ራሱ የጻፈውን የምስጋና ግጥም በአፉ ሳይሆን በሳክስፎኑ፣ ቃል በቃል ያነብባል። ይህን ሥራ በሙሉ በመድረክ ያቀረበው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። በጁላይ 1965 በፈረንሳይ አንቲብ ሲጫወተው ከስቱዲዮው ቀረጻ የረዘመና የጋለ ሆኖ ወጣ።

ብዙ ሰው እዚያ ላይ ቢቆም ይወድ ነበር። እሱ ግን ምትንም ኮርድንም ወደ ኋላ ትቶ ሄደ። በመድረኩ ላይ ሁለተኛ ሳክስፎን፣ ሁለተኛ ከበሮ ተጨመረ። አድማጮች በመካከል እየተነሡ ይወጡ ጀመር። ታይነር በ1965 መጨረሻ፣ ኤልቪን ጆንስም ብዙ ሳይቆይ ለቀቁ፤ በድምፁ ብዛት ራሳቸውን መስማት አቅቷቸው ነበር። በቦታቸው ባለቤቱ አሊስ ኮልትሬንና ራሺድ አሊ ገቡ። እነዚህን የመጨረሻ ቀረጻዎች ሁሉም ሊወዳቸው አይገደድም፤ ሰውየው የተወደደበትን ነገር እየደጋገመ ለመኖር እምቢ ማለቱን ግን መካድ አይቻልም። በጁላይ 1966 በጃፓን ተዘዋውሮ ሲጫወት በናጋሳኪ በአቶሚክ ቦምብ ላለቁት ጸሎት አደረገ። በቶኪዮም ያንኑ «ማይ ፌቨሪት ቲንግስ» ተጫወተ። በሸክላው ላይ 14 ደቂቃ የማይሞላው ዜማ በዚያ ምሽት 57 ደቂቃ ፈጀ።

በዚያን ጊዜ ሕመሙ ውስጥ ውስጡን ጀምሮት ነበር። በኤፕሪል 1967 ናይጄሪያዊው ከበሮ መቺ ባባቱንዴ ኦላቱንጂ በሃርለም ባቋቋመው የአፍሪካ ባህል ማዕከል ተጫወተ፤ ከተቀረጹት የመድረክ ሥራዎቹ የመጨረሻው ይህ ነው። ድምፁ የደከመ ሰው ድምፅ አይደለም። ጁላይ 17 ቀን 1967 በጉበት ካንሰር አረፈ። ዕድሜው 40 ነበር።

ከአራት ቀን በኋላ በኒው ዮርክ ቅዱስ ጴጥሮስ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን በተደረገው ሽኝት ላይ ሁለት ባንዶች ተጫወቱ፤ አንዱን አልበርት አይለር፣ ሌላውን ኦርኔት ኮልማን ይመሩት ነበር። ሁለቱም ሰዎች በየመድረኩ የተፉጨባቸው ነበሩ፤ በዚያ ቤተ ክርስቲያንም ለስለስ አድርገው አልተጫወቱም።