ሬጂናልድ ሚቸልና ስፒትፋየር

ስፒትፋየር የተባለውን የጦር አውሮፕላን በንድፍ ወረቀት እየተመሩ በትንሹ ሠርተው በሬዲዮ የሚያበርሩ ዛሬም ብዙ ናቸው። የዋናው አውሮፕላን ነዳፊ ሬጂናልድ ሚቸልም በልጅነቱ ሞዴል አውሮፕላን ይሠራ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1895 በእንግሊዝ አገር ተወልዶ፣ በ16 ዓመቱ በባቡር ፋብሪካ ሙያ መማር ጀመረ፤ በ1917 ሱፐርማሪን በተባለው የአውሮፕላን ኩባንያ ተቀጠረ። በ1933 በትልቁ አንጀቱ ጫፍ ካንሰር ተገኝቶ በቀዶ ሕክምና ወጣለት፤ ሰገራውም በሆዱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ እንዲወጣ ተደረገ። ሕክምና የምናጠና ሁሉ የዚህን ክብደት እናውቃለን። እርሱ ግን በዓመቱ የአብራሪነት ፈቃድ አወጣ፤ ሥራውንም ቀጠለ። ስፒትፋየር ማርች 5 ቀን 1936 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ።

በሽታው አገርሽቶበት ጁን 11 ቀን 1937 በ42 ዓመቱ አረፈ። በ1940 አውሮፕላኑ አገሩን ከጀርመን የአየር ጥቃት ሲከላከል አላየም። ዕድሜ ባያደርሰውም ንድፉ ለባልደረቦቹ ተርፏል።