አክሊሉ ለማ

ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ (እ.ኤ.አ. 1935–1997) የእንዶድን ቢልሃርዝያ ተከላካይነት ያገኙ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ነበሩ። በ1964 ትግራይ ውስጥ አድዋ ላይ በሽታውን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። የቢልሃርዝያ ትል ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት የሚያድገው ቀንድ አውጣ ውስጥ ስለሆነ፣ እንዶድ ሕመምተኛውን ባያድንም የትሉን መተላለፊያ ይቆርጣል። ገዳዩ የፍሬው ሳፖኒን ሲሆን አንዱ ዓይነት በስማቸው ለማቶክሲን ተብሏል። አክሊሉ በአዲስ አበባ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ከውጭ የሚገዛውን ውድ ኬሚካል በጓሮ ተክል የመተካት ሐሳባቸው ግን በቀላሉ አላለፈም፤ አፍሪካ ውስጥ የተገኘ ውጤት በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ዘንድ ስላልታመነ ብዙ ዓመታት ባከኑ። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶ/ር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።