ብላቴናው የፈጠረው ቄስና የቄሱ እጅ ጽሕፈት

ልብ ወለድ ታሪክ የሚጽፍ ደራሲ ለሚፈጥራቸው ሰዎች ስም ያወጣላቸዋል፤ መልክና ጠባይ ይሰጣቸዋል፤ አነጋገራቸውንም አንዱን ካንዱ ይለያል። ነገር ግን ለፈጠረው ሰው የእጅ ጽሕፈት ጭምር አበጅቶ፣ ፊደሉን ለዚያ ሰው ዕድሜና ዘመን እንዲስማማ ቀርጾ፣ በብራና ላይ የሚያሰፍርለት ደራሲ እምብዛም አይገኝም። ዛሬ የሕይወቱን ታሪክ የምናቀርበው እንግሊዛዊው ቶማስ ቻተርተን ይህን ያደረገው ገና ጢም ሳያበቅል ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላውም ሞተ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።)

ቻተርተን ብሪስቶል በምትባለው የወደብ ከተማ ኖቬምበር 20 ቀን 1752 ተወለደ። አባቱ የትምህርት ቤት መምህር ነበረ፤ ሆኖም ልጁ ከመወለዱ ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ ስለ ሞተ፣ እናቲቱ ልብስ እየሰፋችና ሕፃናት እያስተማረች አሳደገችው። ቤታቸው ከታላቂቱ የቅድስት ማርያም ሬድክሊፍ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ነበረ። የአባቱ ዘመዶችም የዚህችን ቤተ ክርስቲያን ጠባቂነት ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲቀባበሉት የኖሩ ነበሩ።

ከቤተ ክርስቲያኒቱ ሰሜናዊ በር በላይ ባለው ዕቃ ቤት ውስጥ ከጥንት ጀምሮ የተቀመጡ ትልልቅ ሣጥኖች ነበሩ። ቻተርተን ከመወለዱ በፊት ሣጥኖቹ ተሰብረው ለርስትና ለገንዘብ ጉዳይ የሚፈለጉት ሰነዶች ከተወሰዱ በኋላ፣ የቀረው ብራና ባለቤት አልነበረውም። አባትየው እያመጣ ለተማሪዎቹ መጻሕፍት ሽፋን ያደርገው ነበር። እርሱ ሲሞት ደግሞ እናቲቱ ክር ትጠቀልልበት ጀመር። ልጁ ግን ፊደል አይገባውም ተብሎ ከትምህርት ቤት የተመለሰ ነበረና፣ ማንበብ የቻለው በአንድ አሮጌ የዜማ መጽሐፍ ላይ ያሉት ያጌጡ ትልልቅ ፊደላት ዓይኑን ከሳቡት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የክር መጠቅለያውን ሁሉ እየፈታ ሰበሰበ።

በ1760 ለድኆች ልጆች በተቋቋመው በኮልስተን ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያ የተማረው ንባብ፣ ጽሕፈት፣ ሒሳብና ሃይማኖት ብቻ ነው። በጁላይ 1767፣ በአሥራ አራት ዓመቱ፣ ጆን ላምበርት ለሚባል ነገረ ፈጅ በውል ተሰጠ። ሥራው ግልባጭ መጻፍ ነበር። ከጧቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ከጽሕፈት ቤት አይወጣም፤ የሚበላው ከሎሌዎች ጋር በወጥ ቤት፣ የሚተኛውም ከቤቱ ብላቴና ጋር ባንድ አልጋ ነበር። ጽሕፈቱ ጥርት ያለ፣ ሥራውም ነቀፋ የሌለበት እንደ ነበረ ጌታው ራሱ ኋላ መስክሯል። ከ300 ገጽ በላይ የሆነ የውልና የአቤቱታ አጻጻፍ በእጁ ገልብጧል። ይሁን እንጂ የላምበርት ጉዳይ ብዙ አልነበረምና ልጁ አብዛኛውን ቀን ሥራ ፈትቶ ይውላል። በዚያ ትርፍ ሰዓት የሚጽፈውን ግጥም ጌታው ባገኘ ቍጥር ይቀደዋል። በቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጠው የራሳቸውን ነገር ሲጽፉ የአለቃን ኮቴ ሰምተው ወረቀት የገለበጡ ወጣቶች የቻተርተን ነገር ሳይገባቸው አይቀርም።

ላምበርት ልጁን የመታው አንድ ቀን ብቻ ነው። ምክንያቱም ከርእሳችን ጋር የተያያዘ ነው። የኮልስተን ትምህርት ቤት አስተማሪ የነበረው ሰው ስም የሌለበት የስድብ ደብዳቤ ደረሰው። ጸሐፊው እጁን ለውጦ ለመጻፍ ሞክሮ ነበር፤ ዳሩ ግን ወረቀቱ ከላምበርት ቢሮ የወጣ ሆኖ ተገኘ፤ የፊደሉም አጣጣል የማን እንደ ሆነ ታወቀ። ስለዚህ ቻተርተን የሰው ጽሕፈት እንዴት እንደሚያጋልጥ በጥፊ ተማረ ማለት ነው።

በዚያው ጊዜ ግን ከዚህ የበለጠ ሌላ ሥራ ይዞ ነበር። ማታ ማታ ወደ እናቱ ቤት እየሄደ በሰገነት ላይ ባለች አንዲት የዕቃ ማኖሪያ ክፍል ይዘጋባት ነበር። በዚያች ክፍል ቶማስ ሮውሊ የሚባል ቄስ ፈጠረ። ቄሱ የኖረው በ15ኛው መቶ ዓመት ነው ተባለ። የቄሱ ደጋፊና ወዳጅ ዊልያም ካኒንጅ ግን በእርግጥ የነበረ ሰው ነው፤ አምስት ጊዜ የብሪስቶል ከንቲባ ሆኖ የተሾመ ባለጸጋ ነጋዴ ሲሆን፣ መቃብሩም በዚያችው በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይገኛል። ሮውሊ ለዚህ ባለጸጋ አሮጌ መጻሕፍትና ሥዕል እየዞረ ይሰበስባል፣ የከተማውን ታሪክ ይመዘግባል፣ ግጥምና የቴአትር ድርሰት ይደርሳል። ብቻውንም አልነበረም፤ አይስካም የሚባል ሌላ ባለቅኔ ጓደኛ ተፈጠረለት። ካኒንጅም ራሱ ግጥም እንዲጽፍ ተደረገ። አባት ያላየው ልጅ ለጋስ የሆነ ሽማግሌ ባለጸጋ ፈጥሮ ለድኻው ቄስ መሰጠቱን ልብ ያሏል።

ቄሱ እንግዲህ በላምበርት ቢሮ ጽሕፈት ሊጽፍ አይችልም። ልጁ የሚታወቅበት ጥርት ያለው፣ መስመሩን የጠበቀው የነገረ ፈጅ ጽሕፈት ለዚህ አይሆንም። ስለዚህ ከአሮጌው ብራና ላይ ያየውን የፊደል ቅርጽ እየቀላቀለ፣ ቃላቱን እያሳጠረ፣ ለሮውሊ የሚሆን የታመቀና የጠመዘዘ ጽሕፈት አበጀለት። ብራናውን በሻማ ላይ እየያዘ ያጨሰዋል፤ በቢጫ አፈር ያሸዋል፤ ከወለል ላይ ይፈትገዋል፤ በእጁም ይጨማድደዋል። ይህንንም በዓይናቸው ያዩ ጓደኞቹ ከሞተ በኋላ ተናግረዋል። የቄሱን ቃላት ያገኘው ጆን ከርሲ በ1708 ካሳተመው መዝገበ ቃላት ሲሆን፣ ከዚያ እየመረጠ የራሱን መፍቻ አዘጋጀ።

ሆኖም ሥራው አድካሚ ነው። ባዶ ብራናም እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ አብዛኛውን የሮውሊ ግጥም ለሰው የሰጠው ከብራናው የገለበጥሁት ነው እያለ በገዛ ጽሕፈቱ ነው። በቄሱ እጅ የተጻፉት ጥቂት ትንንሽ ቍራጮች ብቻ ናቸው። የካኒንጅን ታሪክ ከሚናገረው ግጥም በብራና ላይ የቀረቡት 34 መስመሮች ብቻ ነበሩ።

በ1768 በብሪስቶል አዲስ ድልድይ ተሠርቶ ነበርና፣ በኦክቶበር 1 ቀን በከተማው ጋዜጣ ላይ አንድ እንግዳ ጽሑፍ ወጣ። ጽሑፉ የጥንቱ ድልድይ በ13ኛው መቶ ዓመት ሲከፈት ከንቲባው በምን ሥርዐት እንደ ተሻገረ የሚተርክ ነበር። ላኪው ሲፈለግ የአሥራ አምስት ዓመቱ የነገረ ፈጅ ጸሐፊ ሆኖ ተገኘ። ከየት አመጣኸው ቢሉት አንድ ጊዜ ይህን፣ ሌላ ጊዜ ያን ብሎ፣ በመጨረሻ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሣጥን ካወጣው ብራና ነው አለ። የከተማው ሰዎችም ወደዱት። የከተማውን ታሪክ የሚያዘጋጀው ሐኪሙ ባሬት የሚፈልገውን ሁሉ ከሮውሊ አገኘ፤ የጠፋ ቤተ ክርስቲያን ቢጠይቅ፣ ሮውሊ ስለዚያ ቤተ ክርስቲያን የጻፈው በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣለታል! በርገም ለሚባለው የቆርቆሮ ዕቃ ሠሪም ከመሳፍንት የሚያደርስ የትውልድ ሐረግ ተሠራለት። ባለቅኔ የሆነ ቅድመ አያትም ተጨመረለት። ለዚህ ሁሉ የተከፈለው ዋጋ አምስት ሽልንግ ነበር።

በማርች 1769 ቻተርተን ከዚህ ከፍ ወዳለ ሰው ተመለከተ። ሆራስ ዋልፖል የጠቅላይ ሚኒስትር ልጅ፣ ባለጸጋና ደራሲ ሲሆን፣ ስለ እንግሊዝ ሠዓሊዎች ታሪክ ጽፎ ነበር። ስለዚህ ቄስ ሮውሊም ወዲያውኑ ስለ ሥዕል አጀማመር አንድ ድርሰት ጻፈ። ዋልፖል በትሕትና መለሰ፤ ግጥሞቹን ለማሳተምም ፈቃደኛ መሰለ። ቻተርተን ግን በሁለተኛው ደብዳቤ የድኻ መበለት ልጅና የነገረ ፈጅ ጸሐፊ መሆኑን ገልጦ፣ ከዚህ ሥራ የሚያወጣው ሰው እንደሚፈልግ ነገረው። ዋልፖል ጽሑፉን ለባለቅኔው ለቶማስ ግሬይ ቢያሳየው የጥንት አይደለም ተባለ። ያን ጊዜ መልሱ ሌላ ሆነ፤ ልጁ ሥራውን አክብሮ እንዲይዝና ሀብት ሲያገኝ ግጥም እንዲጽፍ መከረው። ወረቀቶቹንም ደጋግሞ እስኪጠየቅ ድረስ፣ እስከ ኦገስት አልመለሰም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ለማለፍ አንችልም። ይኸው ዋልፖል አምስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የኦትራንቶ ግንብ የሚባለውን ልብ ወለድ ሲያሳትም፣ መጽሐፉን አንድ የኢጣልያ ካህን ጽፎት ሌላ ሰው የተረጐመው አስመስሎ ነበር። ካህኑም ተርጓሚውም ዋልፖል ራሱ ነው። መጽሐፉ ሲወደድለት እኔ ነኝ አለ፤ ሰውም ሣቀለት። ከዋልፖልና ከቻተርተን ማንኛውም አልዋሸም አንልም። ልዩነቱ ዋልፖል ለካህኑ ብራና ማጨስ አላስፈለገውም፤ ስሙ ብቻ በቂ ነበረ። የመበለት ልጅ ግን ሰው ግጥሙን እንዲያነብለት ሦስት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ካህን መሆን ነበረበት።

በኤፕሪል 1770 ቻተርተን ራሱን ሊገድል መሆኑን የሚናገር ኑዛዜ ጽፎ በቢሮው ተወ። ላምበርት ደንግጦ ከውሉ አሰናበተው፤ ወዳጆቹ ገንዘብ አዋጡለትና ወደ ለንደን ሄደ። በዚያ ለጋዜጦች በልዩ ልዩ ስም የፖለቲካ ደብዳቤ፣ ዘፈንና ቧልት ጻፈ። ለአንድ የዘፈን ቴአትር አምስት ጊኒ ተከፈለው፤ በዚያውም ገንዘብ ለእናቱና ለእኅቱ ስጦታ ገዝቶ ላከ። ደብዳቤዎቹ ሁሉ እየበለጸገ መሆኑን የሚናገሩ ነበሩ። እውነቱ ግን ጋዜጦች ብዙውን ጽሑፍ አስቀርተው የሚከፍሉት ጥቂት ሳንቲም መሆኑ ነው። ሮውሊ ስለ ምጽዋት የጻፈውን ግጥም ላከ፤ አልተቀበሉትም። ወደ አፍሪካ በሚሄድ መርከብ የሐኪም ረዳት ለመሆን ባሬትን የምስክር ወረቀት ቢጠይቀው ከለከለው። ሆልበርን በሚባለው ሠፈር የተከራየበት ቤት ባለቤት ምግብ ብትሰጠው አልራበኝም አለ። ኦገስት 24 ቀን 1770 አርሴኒክ በሚባል መርዝ ሞቶ ተገኘ። ወለሉ በተቀደደ ወረቀት ተሞልቶ ነበር። የተቀበረውም በድኆች መቃብር ነው። የዚያ ጊዜ መርማሪዎች ራሱን ገደለ ብለው ፈረዱ፤ በቅርብ ጊዜ ግን መርዙን እንደ መድኃኒት ሲወስድ በስሕተት አብዝቶት ይሆናል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ።

ሮውሊ ግን አልሞተም። ግጥሞቹ በ1777 ታተሙና ሊቃውንቱ ለሁለት ተከፈሉ። ክርክሩ ከሁሉ አስቀድሞ በቆዳውና በቀለሙ ላይ ነበር። ቶማስ ዋርተን ብራናውን አይቶ፣ ቢጫው ሲታሽ የሚለቅ መሆኑንና ፊደሉም ከማናቸውም የጥንት እንግሊዝ ፊደል ጋር የማይገጥም መሆኑን ገለጠ። አሳታሚው ቲርዊትም የግጥሞቹ ደራሲ ቻተርተን ነው ሲል በ1778 ጻፈ። ካትኮት የሚባለው ሌላው የብሪስቶል ነጋዴ በበኩሉ፣ በ1776 ታላቁ ሊቅ ሳሙኤል ጆንሰን ወደ ከተማው በመጣ ጊዜ፣ ያን ወፍራም ሽማግሌ ደረጃውን እያስወጣ ወደ ዕቃ ቤቱ ወስዶ ሣጥኑን አሳየው። ለካትኮት ሣጥኑ ራሱ ማስረጃ ነበረ! ጆንሰን ሣጥኑን አይቶ አላመነም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ነገር ያንን የሚያህል ልጅ መጻፉ እጅግ አስደነቀው። ምስኪኑ ባሬት ደግሞ በ1789 ታሪኩን ሲያሳትም የሮውሊን ጽሑፍ እንዳለ አስገባበትና የሰው መሣቂያ ሆነ፤ በዚያው ዓመትም ሞተ።

ባለቅኔዎቹ ስለ ቆዳው ግድ አልነበራቸውም። ዎርድስዎርዝና ኮልሪጅ በግጥማቸው አነሡት፤ ጆን ኪትስም በ1818 ኤንዲሚዮን የተባለውን ረጅም ግጥሙን በስሙ አበረከተ። በ1856 ሠዓሊው ሄንሪ ዋሊስ ሞቱን በሥዕል ስላሳየ፣ ብዙ ሰው ከግጥሙ ይልቅ ያን ቀይ ፀጕር ያለውን ሬሳ ያውቃል። ይህ ግን ለባለቅኔ ጥሩ ዕድል አይመስለንም። በሥዕሉ ላይ ያለው መልክ እንኳ ለሠዓሊው የተቀመጠው የደራሲው የጆርጅ ሜረዲዝ ነው፤ የቻተርተን አይደለም።

በ1871 ስኪት የሚባል የቋንቋ ሊቅ የሮውሊን ቃላት አንድ በአንድ መረመረ። ከርሲ መዝገበ ቃላቱን ሲያሳትም መጽናናት የሚል ትርጕም ያለው አንድ አሮጌ ቃል በማተሚያ ስሕተት ተበላሽቶበት ነበር። የ15ኛው መቶ ዓመት ቄስ ያንኑ የ1708 ስሕተት በግጥሙ ጽፎታል! ስኪት ይህን ካሳየ በኋላ፣ የሮውሊን ግጥሞች የጥንት አጻጻፋቸውን አስወግዶ በዘመኑ እንግሊዝኛ አሳተማቸው። ያለ ብራና፣ ያለ ቀለምና ያለ ጠማማ ፊደል ሲነበቡ ዜማቸው አልጠፋም። በ1971 በኦክስፎርድ የታተመው የቻተርተን ሙሉ ድርሰት ደግሞ ልጁ በሰገነት ላይ ያበጀውን አጻጻፍ መልሶ አቅርቦታል። ቄሱ የጻፈባቸው ጥቂት ቍራጮችም በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ።