የዐፄ ዮሐንስ ደብዳቤዎችና የእኛ መተማ

የአብርሃ ጅራ ልጅ ስለ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ልጽፍ ብሎ ሲነሣ፥ ስለ አሟሟታቸው ብቻ የሚያወራ ሳይመስላችሁ አይቀርም። በእኛ ቆላ ዮሐንስ ሲባል መተማ፥ መተማም ሲባል ዮሐንስ ይታሰባል፤ በጠረፍ ላይ ያለችው ከተማ እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ትባላለች። እኔም ልጅ ሳለሁ፥ ንጉሡ በዚያ ከመሞታቸው በቀር ሌላ ታሪክ ያላቸው አይመስለኝም ነበር። ብዙ ደብዳቤ ያጽፉ እንደ ነበር ባወቅሁ ጊዜ ግን አሳቤ ተለወጠ።

ካሣ ምርጫ በ1829 ዓ.ም. ገደማ በተንቤን ተወለዱ። አባታቸው የተንቤኑ ሹም ምርጫ፥ እናታቸውም የእንደርታዋ ወይዘሮ ሥላስ ናቸው። የፈረስ ስማቸው አባ በዝብዝ ነው። በ1860 የእንግሊዝ ጦር በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ወደ መቅደላ ሲዘምት ካሣ መንገድ ለቀቁለት፤ እርሱም ሲመለስ መድፍና ጠመንጃ ሰጣቸው። በዚህ መሣሪያ በሐምሌ 1863 የእኅታቸውን ባል ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ዐድዋ አጠገብ ድል አድርገው፥ ጥር 13 ቀን 1864 በአክሱም ነገሡ።

በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶርያ ደብዳቤ ላኩ። ያ መንገድ የለቀቁለት ጦር ከመቅደላ ብዙ የብራና መጻሕፍት ጭኖ ሄዶ ነበርና፥ ክብረ ነገሥት የተባለው መጽሐፍና ኵርዓተ ርእሱ የተባለው ሥዕል እንዲመለሱ ጠየቁ። መጽሐፉ ተመለሰ። ሥዕሉ ግን ቀረ፤ ለብሪቲሽ ሙዚየም ዕቃ ሊሰበስብ ከጦሩ ጋራ የመጣው ሰው ለራሱ ይዞት ነበር። ንጉሡ ብዙ ጦርነት አሸንፈዋል፤ በ1868 ግብፆችን በጉንደትና በጉራዕ ድል ማድረጋቸውን ሁሉም ያውቃል። እኔን ግን ከዚያ ይልቅ የሚያስደንቀኝ አንድ ወረቀት ባሕር ተሻግሮ አንድ መጽሐፍ ወደ አገሩ መመለሱ ነው።

በጎ በጎውን ብቻ እንዳልጽፍ ደግሞ አብሮኝ የሚቀመጠው ሙስሊም ጓደኛዬ ይታዘበኛል። በ1870 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ አዘዙ፤ በዚህም ብዙ ሰው ተሰደደ፥ ደምም ፈሰሰ።

አሁን ወደ አገሬ ልመለስ። በግንቦት 1876 ንጉሡ ከእንግሊዙ መልክተኛ ከሂዌት ጋራ ዐድዋ ላይ ተዋዋሉ። ቦጎስ ሊመለስላቸው፥ እርሳቸውም በደርቡሽ የተከበበውን የግብፅ ጦር በአገራቸው በኩል ወደ ምጽዋ ሊያሳልፉ ተስማሙ። በመተማ የነበረውም የግብፅ ጦር በዚሁ ውል ወጣ። ነገር ግን በ1877 ኢጣልያ ምጽዋን ስትይዝ እንግሊዞች ዝም አሉ፤ ለዮሐንስ የተረፋቸው የደርቡሽ ጠላትነት ሆነ። በጥር 1880 የደርቡሹ አለቃ ሐምዳን አቡ አንጃ ከመተማ ተነሥቶ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውሃ ላይ ድል አደረገ፤ ጎንደርንም አቃጠለ። በባሕሩ በኩል ኢጣልያ፥ በቆላው በኩል ደርቡሽ፥ በውስጥም ምኒልክና ተክለ ሃይማኖት በአንድ ምክር ሲነሡባቸው፥ ዮሐንስ ጎጃምን እጅግ ጎድተው ወደ መተማ ፊታቸውን አዞሩ።

ከዚያ በፊት ግን ለአቡ አንጃ ደብዳቤ ላኩ። ፈረንጅ የሁለታችንም ጠላት ስለ ሆነ እርስ በርስ መተላለቁ ቀርቶ ብንታረቅ ይሻላል የሚል አሳብ ነበረው። አቡ አንጃ በስድብ መለሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተና ዘኪ ጡማል ተተካ። መተማ ሲነሣ ስለ ጥይቱ ከሰማሁት ሩቡን ያህል ስለዚህ ደብዳቤ ሰምቼ አላውቅም።

ቅዳሜ መጋቢት 1 ቀን 1881 የንጉሡ ሠራዊት በእሾህ የታጠረውን የደርቡሽ ምሽግ ጥሶ ገባ። ድሉ የተያዘ ሲመስል ዮሐንስ በጥይት ቆሰሉ፤ ሠራዊቱም ተፈታ። መንገሻ ልጃቸውና ወራሻቸው መሆኑን ተናዝዘው በማግሥቱ ዐረፉ። አስከሬናቸውን ይዘው ሲሸሹ ደርቡሾች በአትባራ ወንዝ አጠገብ ደረሱባቸው፤ ይህ ወንዝ እኛ ጓንግ የምንለው ነው። ራሳቸው ተቈርጦ ወደ ዑምዱርማን ተወሰደ።

ዑምዱርማን በ1890 ስትያዝ የደርቡሽ መንግሥት ወረቀት በእንግሊዞች እጅ ገባ፤ ኋላም በካርቱም መዝገብ ቤት ተቀመጠ። በ2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሥቶ ስደተኞች በመተማ በኩል ሲጎርፉ፥ ሰዉ ስለ ዘመዱ ሲጨነቅ እኔ ስለዚያ ወረቀትም አስብ ነበር። ብናገር ይስቁብኛል ብዬ ዝም አልሁ።

በእኛም ቤት የቅድመ አያቴ የእንጨት ሣጥን ነበረ። በውስጡ ደብዳቤዎች ነበሩ ይባላል፤ እኔ ስከፍተው ግን ያገኘሁት የምስጥ አፈርና የማይነበብ ቍራጭ ነው። የቆላ ምስጥ አይምርም። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌዎች የሚነግሩኝን በደብተር እጽፋለሁ፤ ደብተሩንም በቆርቆሮ ሣጥን አኖረዋለሁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ምሽጉ የነበረበትን ቦታ ለየብቻ ነግረውኛል፤ የተናገሩት ግን አንድ አይደለም፤ እኔም ሁለቱንም ጽፌአለሁ። የሰሊጡ አጨዳ ሲያልቅ መተማ ዮሐንስ ወርጄ ቦታውን በእግሬ ልረግጠው አስቤአለሁ።